የነዳጅ ድጎማ ሲነሳ መንግሥታት የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው በማይሰማበት ሰዓት ማወጅ። በጁላይ 2018 የሄይቲ መንግሥት ብራዚል በዓለም ዋንጫ ስትጫወት ጠብቆ ቤንዚን 38፣ ናፍታ 47፣ ነጭ ጋዝ 51 በመቶ መጨመሩን ተናገረ። ሰው ኳሱ ላይ ስለሆነ ልብ አይልም የተባለ ይመስላል። ብራዚል ተሸነፈች፤ መንገዱ በጎማ ጭስ ታፈነ፤ ጭማሪው በማግስቱ ታገደ፤ ሳምንት አልፎ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ናይጄሪያ ደግሞ በ2012 የመረጠችው የአዲስ ዓመትን ቀን ነበር። 65 ናይራ የነበረው ሊትር ወደ 140 ገደማ ሲዘል፣ ለበዓል ወደ ዘመድ የሄደው ሰው መመለሻ ታሪፉ እጥፍ ሆኖ ጠበቀው። ከአንድ ሳምንት የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ዋጋው ወደ 97 ወረደ።

ዋጋውን ዛሬ፣ ማካካሻውን ነገ። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ኢራን ሁለቱንም መንገድ ሞክራዋለች። በ2010 መጨረሻ ገንዘቡ አስቀድሞ በየቤተሰቡ ሂሳብ ገባ። ሰው ሂሳቡ ውስጥ ያየዋል፣ ማውጣት ግን አይችልም፤ የተከፈተው ዋጋው የጨመረ ዕለት ነው። የራሽን ቤንዚን አራት እጥፍ ሆኖም አደባባዩ ጸጥ አለ። በኖቬምበር 2019 ግን ጭማሪው ሌሊት ድንገት መጣ፣ ክፍያው ይከተላል ተባለ። ተቃውሞው በቀናት ውስጥ አገሩን አዳረሰ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ። እርግጥ በ2019 አገሪቱ በማዕቀብ ተዳክማ ስለነበር ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ብቻ አይደለም። የ2010ሩንም ገንዘብ ቢሆን የዋጋ ንረት በልቶታል።

«የሚጠቀመው ባለመኪናው ነው» ብሎ መዝናናት። በሒሳብ ደረጃ እውነት ነው፤ ብዙ የሚቀዳ ብዙ ይደጎማል። መኪና የሌለው ሰው ግን ነዳጁን የሚያገኘው በታሪፍና በገበያ ዋጋ ውስጥ ነው፤ ከገቢው የሚወስድበትም ድርሻ ከባድ ነው።

ሾፌሮቹ ከተመለሱ አለቀ ማለት። በኦክቶበር 2019 ኢኳዶር ውስጥ የትራንስፖርት ማኅበራቱ አድማቸውን በሁለተኛው ቀን አቆሙ። የነባር ሕዝቦች ንቅናቄ ግን ወደ ዋና ከተማዋ ኪቶ ተመመ፤ ፕሬዚዳንት ሌኒን ሞሬኖ የመንግሥታቸውን መቀመጫ ወደ ጓያኪል ከተማ አዛወሩ፤ ድጎማውን ያነሳው አዋጅም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሻረ።

ደንግጦ መመለስ። ቦሊቪያ በዲሴምበር 2010 ያወጀችውን ጭማሪ በአምስት ቀን ሰረዘች። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን ከአሥር ዓመት በላይ የደፈረው አልነበረም።

ድጎማውን አንስቶ ዋጋውን እንደገና መቸንከር። የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ በሜይ 29 ቀን 2023 በዓለ ሲመታቸው ላይ ድጎማው ቀርቷል አሉ። ናይራ ከዶላር አንጻር ክፉኛ ሲወድቅ ግን የመንግሥት ኩባንያው ሊትሩን 617 ናይራ አካባቢ ይዞ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ነዳጁ ከውጭ በሚገባበትና በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን ነበረና ድጎማው በጓሮ በር ተመለሰ። በሴፕቴምበር 2024 ዋጋው እንደገና ሲዘል፣ ሕዝቡ አንዴ ቀረ የተባለውን ድጎማ ሁለተኛ ጊዜ ተነጠቀ።