በደንቢያና በጎርጎራ ኩሬዎች የቆሮሶ ዓሣን ከጠፍጣፋ ትል ማዳን

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወርደው የደንቢያ ሜዳ በኩሬ ቆሮሶ የምታረቡ ወገኖች፣ ዓሣው ሰውነቱን ከድንጋይ ጋር ሲያሻሽ ወይም ቆዳው በዝልግልግ ፈሳሽ ሲሸፈን ብታዩ፣ ጠፍጣፋ ትል ሊሆን ይችላልና፣ ለማከሚያ ጨው ከመግዛታችሁ በፊት የትሉን ዓይነት አስለዩ። ዓሣው ውሃው ላይ ወጥቶ አየር የሚምገው ጎሕ ሲቀድ ብቻ ከሆነና ፀሐይ ሲወጣ የሚሻለው ከሆነ ግን ችግሩ የኦክስጅን እጥረት ሊሆን ይችላል።

ለምርመራ የታመመውን ዓሣ በኩሬው ውሃ በተሞላ ባልዲ በሕይወት እንዳለ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱ፤ ከሞተ ከቆየ ትሎቹ ለቀውት ስለሚሄዱ ምርመራው ያሳስታል። ሐኪሙ ከቆዳውና ከስንጥቡ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል። በአብዛኛው ቆዳ ላይ የሚገኘው ጋይሮዳክቲለስ የተባለው ጠፍጣፋ ትል ልጁን በሕይወት ስለሚወልድ በደንብ የተሠራ አንድ የጨው ነከራ (ዓሣውን ለአጭር ጊዜ በጨው ውሃ ማቆየት) ብዙውን ጊዜ ያቃልለዋል። በስንጥብ ላይ የሚጣበቀው ሲክሊዶጋይረስ የተባለው ትል ግን እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉም ጨውን ስለሚቋቋም ነከራው ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መደገም አለበት፤ ውሃው በሚቀዘቅዝበት ወቅት መፈልፈሉ ስለሚዘገይ ቀኑን ማራዘም ያስፈልጋል። አርቢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ይህን ሁለተኛ ዙር በመተው ነው። በጨዋማ ባሕር ውስጥ በመረብ ቀፎ የሚያረቡትም ይኸው ፈተና አለባቸው፤ ኒዮቤኔዴኒያ የተባለውን ትል ለመግደል ዓሣውን በተቃራኒው ጨው በሌለው ውሃ ይነክሩታል፣ ሆኖም በክር መሰል ጭራ መረቡ ላይ የተጠላለፈው እንቁላል ተርፎ እንደገና ይፈለፈላል።

ለነከራው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 20 ግራም የምግብ ጨው አሟሙታችሁ፣ በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓሣ ብቻ ሞክሩ። ከ10 ደቂቃ አታሳልፉ፤ ዓሣው ሚዛኑን ስቶ ወደ ጎን ካጋደለ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ ውሃ መልሱት።

በሥጋው ውስጥ ቢጫ እንክብል ሆኖ የሚታየው ክሊኖስቶመም የተባለው ጠፍጣፋ ትል ግን በጨው አይነካም። ከቀንድ አውጣ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣም ዓሣ ወደሚበሉ የውሃ ወፎች ስለሚዘዋወር፣ መፍትሔው የኩሬውን ዳር አረም ማጨድ፣ ቀንድ አውጣን ማስወገድና ኩሬውን በመረብ መሸፈን ነው። ቢልሃርዝያም ጠፍጣፋ ትል ሲሆን በሌሎች ቀንድ አውጣዎች ይተላለፋልና፣ ይህን ሥራ ያለ ረጅም ቡት ጫማና ጓንት አትሥሩ፤ ልጆችንም ወደ ውሃው አታስገቡ። አዲስ የተገዛ የዓሣ ጫጩትም ከነባሩ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው ይቆይ።