ውጤቱ ተልኮ «አልደረሰም» ሲባል

ታናሽ እህቴ በኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚመለከትበት ድረ ገጽ) ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስታመለክት፣ የአንዱ መከታተያ ገጽ «የኤስኤቲ ውጤት አልደረሰም» ማለቱን አልተው አለ። የዚህ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤት ግን ተልኳል፤ ክፍያውም ተቆርጧል።

መንስኤው ስሟ ነበር። «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ለፈተናው የአባታችን፣ ለማመልከቻው ደግሞ እንደ ፓስፖርቷ የአያታችን ስም ገብቷል። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም፤ ሳጥኑ ግን ባዶነትን አይቀበልም!

ሁለቱንም አጻጻፍ፣ የትውልድ ቀኗን፣ የማመልከቻ ቁጥሯንና የፓስፖርቷን ቅጂ አድርገን ለቅበላ ክፍሉ በኢሜይል ላክን። ባለቤት አጥቶ የተቀመጠውን ውጤት ከፋይሏ ጋር አገናኙት፤ ዳግም መክፈል አላስፈለገም። ለቀሩትም ያንኑ ደብዳቤ አስቀድመን ላክን።

የትውልድ ቀን ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲቀየርም ጥንቃቄ ይሻል፦ በኅዳር ለተወለደ በዓመቱ ላይ 7፣ በየካቲት ለተወለደ 8 ይደመራል።