በአሜሪካ ሱቅ ለምትሠሩ፦ ዕድሜው ላልደረሰ ሰው ሲጋራና መጠጥ መሸጥ የሚያስከትለው ቅጣትና የጥንቃቄ መንገዱ

«አባባ ልኮኝ ነው» የሚል ልጅ ካውንተሩ ላይ ተንጠራርቶ አንድ ፓኬት ሲጋራ ሲጠይቅ፣ አገር ቤት ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው እጁ ሳያስበው ወደ መደርደሪያው ሊሄድ ይችላል፤ ልጁንም አባቱንም ያውቃልና ክፉ ነገር የሠራ አይመስለውም። በአሜሪካ ሕግ ፊት ግን ገዢው ዕቃውን የተቀበለው ልጅ ነው፤ የላከው ሰው ማንነት ሻጩን ከተጠያቂነት አያድነውም። ከታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጋራ፣ ቬፕና ሌላ ማንኛውም የትምባሆ ምርት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ በመላ አገሪቱ የተከለከለ ሲሆን፣ የአልኮል መጠጥ መግዣ ዕድሜም በሁሉም ግዛቶች 21 ነው። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሁለቱም ያስቀመጠው ዕድሜ ይኸው ስለሆነ፣ ክልከላው ለእኛ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም።

ከመስከረም 30 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ትምባሆ የሚሸጥ ሰው ዕድሜው ከ30 በታች የሆነን ገዢ ሁሉ ፎቶ ያለበት መታወቂያ እንዲያይ ግዴታ አለበት። እኔ የምመክረው ግን ዕድሜ መገመትን ጨርሶ መተውና ሁሉንም መጠየቅ ነው፤ «ወንድሜ፣ ሕጉ ስለሚያስገድደኝ ነው፣ መታወቂያህን አሳየኝ» መባሉ ጨዋ ሰውን አያስቀይምም። መታወቂያው ከቦርሳው ወጥቶ በእጃችሁ ይግባ፤ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያዩ፣ የልደት ቀኑንና ያላለፈበት መሆኑን አንብቡ። በችኮላ መካከል ሒሳብ እንዳይሳሳት፣ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት የዕለቱን የመጨረሻ የልደት ቀን ጽፎ ካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ መለጠፍ ይረዳል፤ ለምሳሌ ኅዳር 10 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የሚገዛ ሰው ኅዳር 10 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት የተወለደ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚገጥም አንድ ወጥመድ አለ። በቅርቡ የመጣ ወጣት የቀበሌ መታወቂያ ቢያሳያችሁና የልደት ዘመኑ 1998 ቢል፣ ቁጥሩን ከ2025 ላይ የቀነሰ ሰው 27 ዓመት ያገኛል፤ ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ግን ልጁ በዚያ ዓመት ከ20 አይበልጥም። ስለዚህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈውን ፓስፖርቱን ጠይቁ፤ ከሌለው አትሽጡ።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ ፍተሻውን የሚያደርገው ዕድሜው ያልደረሰ ወጣት እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገብቶ እንዲገዛ በመላክ ነው። በዚያች ሰዓት ማንም ራሱን አያስተዋውቅም፤ ባለሱቁ ውጤቱን የሚያውቀው በኋላ ደብዳቤ ሲደርሰው ነው። የሸጠው ተቀጣሪ ቢሆንም ተጠያቂው ሱቁ ነው። ለመጀመሪያ ጥፋት የሚላከው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ከዚያ በኋላ ኤፍዲኤ በሚሠራበት እርከን፣ በ12 ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጥፋት 250 ዶላር፣ በ24 ወር ውስጥ ለሦስተኛ 500፣ ለአራተኛ 2,000፣ በ36 ወር ውስጥ ለአምስተኛ 5,000፣ በ48 ወር ውስጥ ለስድስተኛ 10,000 ዶላር በሕጉ የተጻፈው መነሻ ሲሆን፣ ከዋጋ ንረት ጋር በየጊዜው ስለሚስተካከል የሚጠየቀው ገንዘብ ከዚህ ይበልጣል። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር፣ ከመጀመሪያው ፍተሻ በኋላ ለልጅ መሸጥና መታወቂያ አለማየት እንደ ሁለት ጥፋት ሊቆጠሩ መቻላቸው ነው፤ በአንድ ሽያጭ ብቻ ከማስጠንቀቂያ ወደ ሦስተኛው እርከን መዝለል አለ። በ36 ወር ውስጥ አምስት ጥፋት የተገኘበት ሱቅ ትምባሆ እንዳይሸጥ ሊታገድ ይችላል፤ እገዳው መጀመሪያ እስከ 30 ቀን፣ ሁለተኛ ጊዜ እስከ 6 ወር፣ ሦስተኛ ጊዜ ለዘለቄታው ነው። ሲጋራን ከፓኬት አውጥቶ በፍሬ መሸጥም በዚሁ ሕግ የተከለከለ ነው።

የመጠጥ ጉዳይ በየግዛቱ ስለሚለያይ ላይሰንስ የሰጣችሁን መሥሪያ ቤት ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል። ካውንተር ላይ የቆመው ሠራተኛ ራሱ በወንጀል ሊከሰስ እንደሚችል ግን ሁሉም ይወቅ፤ በቨርጂኒያ ዕድሜው እንዳልደረሰ እያወቀ፣ ወይም ሊያውቅ ሲገባው፣ አልኮል የሸጠ ሰው እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊፈረድበት ይችላል።

ደብዳቤ ከመጣ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ደርቦ ማስቀመጥ ትልቁ ስሕተት ነው። ለማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም ምን እንዳስተካከላችሁ፣ ሠራተኞችን መቼ እንዳሠለጠናችሁና ጥፋቱ እንዳይደገም ምን እንደምታደርጉ ይግለጽ። ቅጣት የሚጠይቅ የክስ ማመልከቻ ከደረሳችሁ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ወይ መክፈል፣ ወይ መደራደር፣ ወይ መልስ አስገብቶ መሰማትን መጠየቅ፣ አለዚያም የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ዝም ካላችሁ ዳኛው በሌላችሁበት ይወስናል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ቀኑ ሳያልቅ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ፤ ስትሄዱም ፖስታውን ከነማኅተሙ ያዙ፤ የደረሰበት ቀን ያስፈልጋልና።