ጀርመን ቤት ስትከራዩ ይሉኝታችሁን ደጅ አስቀምጡት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ጠባሴ ከማስተምርበት ክፍል ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የዛሬ ሁለት ዓመት ጀርመንኛ ያስተማርኩት የመሐል ሜዳ ልጅ ነው። ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ስለተዛወረ የተከራየውን ቤት ለቅቋል። አከራዩ ግን ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሸክላ ተሰብሯል ብለው ማስያዣውን አልመልስም ብለውታል። «ስትገባ የርክክብ ሰነድ ሞልታችኋል?» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ሰውየው በጣም ጥሩ ሰው ስለነበሩ መጠየቁ አሳፈረኝ» አለኝ።

ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላስታውስም። ፍራንክፈርት በኖርኩባቸው 14 ዓመታት፣ ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ አዲስ የመጡ ያገሬን ልጆች ተከትዬ ቤት እናይ ነበር፤ አስተረጉምላቸዋለሁ፣ ውል አነብላቸዋለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ተመልሼ ቋንቋውን አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ነርሶች፣ የትምህርት ዕድል ያገኙ ልጆች፣ ወደ ትዳር ጓደኛቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ለፈተናው ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሉ። ስለ ቤት ስጠይቃቸው ግን «እዚያ ስደርስ አያለሁ» ይላሉ። ስለዚህ የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው።

በእኛ አካባቢ ቤት የሚከራየው ፊት ታይቶ ነው። ደላላው ያገናኛል፤ አከራይዋ እትዬ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መንዝ ወይም መርሐቤቴ ያለ ዘመዳችሁን ካወቁት ነገሩ አለቀ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብም ቢል ልማዳችን ገና ከቃሉ አልተላቀቀም። ልማዱን አልነቅፍም። እዚህ ቃል የሚይዘን ጎረቤቱ፣ ዕድሩና ሽማግሌው ስላሉ ነው። እዚያ እነዚህ ሁሉ የሉም፤ የሚመሰክርላችሁ ወረቀት ብቻ ነው።

ርክክቡን በይሉኝታ ማለፍ

እኔም ተሳስቻለሁ፤ ከሁሉ የሚቆጨኝም ይኸው ነው። የመጀመሪያ ቤቴን ያከራዩኝ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ቁልፍ ልቀበል ስሄድ ቡና አፍልተው፣ ኬክ ጋግረው ጠበቁኝ። ጠረጴዛው ላይ ባለ ሁለት ገጽ ቅጽ ነበር። «ክፍሎቹን ዙርና የተበላሸ ነገር ካለ ጻፍበት» አሉኝ። የመስኮቱ ማዕዘን መሰንጠቁን አይቻለሁ። ወለሉ ላይ ጠቆር ያለ የቃጠሎ ምልክት አይቻለሁ። የገላ መታጠቢያው ገንዳ ጠርዙ ተፈልፍሏል። ግን በእኛ ወግ የሰው ቡና እየጠጡ የሰው ቤት ጉድፍ መቁጠር ነውር ነው። ምንም ሳልጽፍ ፈረምኩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስለቅ ሴትዮዋ ሞተው ነበር። ቤቱን የወረሰው ልጃቸው ያንን ቅጽ ይዞ መጣ፤ መስኮቱን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ገንዳውን አየ። ከ900 ዩሮ ማስያዣዬ 640ውን አስቀረ። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ያነበበው እኔ የፈረምኩትን ነው። እናቱ በሕይወት ቢኖሩ ስንጥቁ የቆየ መሆኑን ይናገሩልኝ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት በልጅነቴ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

እንግዲህ አደራ የምለው ይህን ነው። ርክክቡን ቀን፣ በብርሃን አድርጉት። ቋንቋውን ከእናንተ የተሻለ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እያንዳንዱን መስኮት ክፈቱና ዝጉ። ሙቅ ውኃው መምጣቱን በእጃችሁ እዩ። ማሞቂያዎቹን አንድ በአንድ ለኩሱ፤ በበጋ ብትገቡም ለኩሱ፣ ክረምት ይመጣል። የመብራቱን፣ የውኃውን፣ የጋዙንና የማሞቂያውን ቆጣሪ ቁጥር አስጽፉ። ስንት ቁልፍ እንደተቀበላችሁ አስጽፉ። እንደ ምስማር ቀዳዳ ያለ ትንሽ ነገር እንኳ አስጽፉ። ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ሁለታችሁም ፈርሙበትና አንዱን ቅጂ ወዲያው ተቀበሉ። «በኋላ እልክልሃለሁ» ቢሏችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አከራዩ በዚህ አይቀየሙም። እንዲያውም ጀርመናዊ አከራይ ቤቱን በጥንቃቄ የሚመለከት ተከራይ ሲያይ ቤቴን ይጠብቅልኛል ብሎ ይተማመናል። ይህን ለማመን ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ከመጀመሪያው ቀን እመኑት።

ስለ ማስያዣው ሕጉ ግልጽ ነው። ማስያዣው፣ እነሱ ካውትሲዮን ይሉታል፣ ከሦስት ወር «ቀዝቃዛ ኪራይ»፣ ማሞቂያና ሌሎች ወጪዎች ሳይጨመሩበት ካለው የባዶ ቤት ኪራይ፣ ሊበልጥ አይችልም። በሦስት እኩል ወርኃዊ ክፍያ ልትከፍሉት መብት አላችሁ፤ የመጀመሪያው ክፍያ የሚጠበቀው የኪራይ ዘመኑ ሲጀምር ነው። አከራዩም ከራሱ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። ይህ መብት በተለይ ለተማሪዎች ትልቅ ነገር ነው። ለተማሪ ቪዛ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ሲሆን፣ ከዚያ የሚለቀቅላችሁ በወር 992 ዩሮ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ወር ኪራይና ሙሉ ማስያዣ አንድ ላይ ከዚያ አይወጣም። ቤተሰብ የሚያግዛችሁ ከሆነ ለዚህ ብሎ ለብቻ ይያዝላችሁ።

ያላዩት ቤት ላይ ገንዘብ መላክ

የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብለዋታል። ገና ከዚህ ሳትነሣ በኢንተርኔት ቤት አገኘች፦ ሰፊ፣ ብርሃን የሞላበት፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ዋጋው ከሌሎቹ በግማሽ ያነሰ። ባለቤቱ ለሥራ ሌላ አገር እንዳለ፣ ገንዘቡ እንደገባለት ቁልፉን በፖስታ እንደሚልክ ጻፈላት። የመታወቂያውን ፎቶም ላከላት። እዚያ የሚኖረው አጎቷ 1,100 ዩሮ ከፈለ። ሻንጣዋን ይዛ አድራሻው ላይ ስትደርስ በር የከፈቱላት ቤታቸውን ለማንም አከራይተው የማያውቁ ባልና ሚስት ናቸው። ያን ምሽት ደውላልኝ ሄጄ አመጣኋት። ያለቀሰችው ለገንዘቡ አልነበረም፤ አጎቷን እንዴት ብላ ቀና ብላ እንደምታየው ነበር የጨነቃት።

ቤቱን እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው በአካል ገብቶ ሳያየው፣ ውል ሳይፈረም፣ አንድ ሳንቲም አትላኩ። ቁልፍ በፖስታ የሚልክ ባለቤት ካጋጠማችሁ ንግግሩን እዚያው አቁሙ። የፓስፖርታችሁንም ቅጂ አትላኩለት፤ በእናንተ ስም ሌላውን ያታልልበታል። ተማሪ ከሆናችሁ የቅበላ ደብዳቤው በደረሳችሁ ቀን ለተማሪዎች መኖሪያ አመልክቱ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ቪዛ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ወደ መጨረሻ ይቀራል።

ደላላን በተመለከተ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሕጉ ደላላውን ያዘዘው ይክፈል ይላል። አከራዩ የቀጠረው ደላላ እናንተን ኮሚሽን ቢጠይቅ አትክፈሉ።

ቀዝቃዛውን ኪራይ እንደ ሙሉ ኪራይ መቁጠር

ማስታወቂያ ላይ ካልትሚቴ የሚለው «ቀዝቃዛ ኪራይ» የባዶው ቤት ዋጋ ነው። ዋርምሚቴ፣ «ሞቃቱ ኪራይ»፣ እንደ ማሞቂያ፣ ውኃ፣ ቆሻሻ ማንሻና የደረጃ ጽዳት ያሉትን ወጪዎች ይጨምራል። መብራት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሞቃቱም ውጭ ነው፤ ራሳችሁ ትዋዋላላችሁ። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ ይህን ቀደም ብላችሁ አስቡበት። ለተጨማሪ ወጪዎቹ በየወሩ የምትከፍሉት ግምት ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳቡ ይሠራና ያነሰውን ትሞላላችሁ ወይም የተረፈው ይመለስላችኋል። ብዙ ልጆች ይህ የዓመቱ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ቅጣት መስሏቸው ይደነግጣሉ። ቅጣት አይደለም። አከራዩ የሒሳቡ ዓመት ባለቀ በ12 ወር ውስጥ ካልላከው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀሪ ክፍያ የመጠየቅ መብቱን ያጣል፤ እናንተም ሒሳቡ ከደረሳችሁ በኋላ ለመቃወም 12 ወር አላችሁ። ሳታነቡ አትክፈሉ።

ብርድ ፈርቶ መስኮት መዝጋት

ብርድ እናውቃለን ብለን የምንሳሳተው ስህተት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። እኛ ብርድ ሲመጣ በር እንዘጋለን፣ ቀዳዳ እንወትፋለን። ይህ እዚህ አይጎዳንም፤ በበሩ ሥርና በቆርቆሮው ጠርዝ አየር ይገባል፣ ቤቱ ራሱ ይተነፍሳል። የጀርመን መስኮት ግን በጎማ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ነው። ሽሮው ሲንተከተክ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲደርቅ፣ ገላ ስትታጠቡ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ የለውም። ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውኃ ሆኖ ያርፍና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። አንድ የአንኮበር ልጅ ክረምቱን ሙሉ መስኮት ሳይከፍት ከርሞ፣ በመጋቢት አልጋውን ሲያንቀሳቅስ ግድግዳው በሙሉ ጠቁሮ አገኘው። ሳሉ ከየት እንደመጣ የገባው ያኔ ነው።

በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ፣ መስኮቶቹን በሙሉ ወለል አድርጋችሁ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ክፈቱ። ገርበብ አድርጎ ቀኑን ሙሉ መተው አይጠቅምም፤ ግድግዳውን ያቀዘቅዛል፣ ወጪውን ያበዛል። ዕቃ ከውጭው ግድግዳ ጋር አታጣብቁ። ሻጋታ ካያችሁ በዚያው ሳምንት ፎቶ አንሥታችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ጥፋቱ የሕንፃው ከሆነ ኪራይ የመቀነስ መብት አለ፤ በራሳችሁ ውሳኔ ግን አትቀንሱ። መጀመሪያ የተከራዮች ማኅበር አማክሩ። የሁለት ወር ኪራይ የተጠራቀመበት ተከራይ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ከውሉ ሊሰናበት ይችላል።

በዘመድ ቤት ያለ አድራሻ መቀመጥ

ቤት ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለባችሁ። ለዚህም አከራዩ መግባታችሁን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይሰጣችኋል። ያለዚህ ምዝገባ የግብር ቁጥሩም፣ የባንኩም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ጉዳይ ይቆማል። ያገር ልጅ «ሳሎን ተኛ፣ ግን ስምህን አላስመዘግብም» ካላችሁ የጭንቅ ቀን ማረፊያ ነው፤ አመስግኑና ቶሎ ሌላ ፈልጉ። በገንዘብ አድራሻ የሚሸጡ ሰዎችም አሉ። በማይኖሩበት ቤት መመዝገብ ለሻጩም ለገዢውም የገንዘብ ቅጣት የሚያመጣ የሕግ ጥሰት ነው፤ አትንኩት።

ከዚህ በኋላ ያሉትን በአጭሩ ልበል። «ባለ ሁለት ክፍል» ማለት ሁለት መኝታ ማለት አይደለም፤ ሳሎኑም ይቆጠራል፣ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት አይቆጠሩም። ኩሽናው ምድጃም ዕቃ ማጠቢያም የሌለው ባዶ ክፍል ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ፀጥታ ነው፤ እሑድ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ አይበሳም። የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ፣ በወር 18.36 ዩሮ፣ ለአንድ ቤት አንድ ነው፤ አብሯችሁ የሚኖረው ሰው ከከፈለ የእሱን ቁጥር አሳውቁ እንጂ ሁለተኛ አትክፈሉ። ቡና ስትቆሉ የጭስ ጠቋሚው ቢጮህ መስኮት ክፈቱ፤ ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት ሕይወት ያስከፍላል። ለመልቀቅ የሦስት ወር ማስታወቂያ ያስፈልጋል፤ በእጅ የተፈረመ ደብዳቤ ይሁን፣ ቢዘገይ እስከ ወሩ ሦስተኛ የሥራ ቀን ከአከራዩ እጅ ይድረስ። በኢሜይል የተላከ አይቆጠርም።

የመሐል ሜዳው ልጅ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ «ቤቱን በያዝክ ሰሞን ለማን ፎቶ ላክህ?» ለእናቱ ልኮላቸው ነበር፤ ልጃቸው የት እንደሚያድር እንዲያዩ መታጠቢያ ቤቱን ሳይቀር። ትናንት እህቱ የእናታቸውን ስልክ ይዛ ቁጭ ብላ አሥራ ሰባት ፎቶ መልሳ ላከችለት። አራተኛው ላይ ሻንጣውን ይዞ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ስንጥቁ ከትከሻው በላይ በግልጽ ይታያል፤ ቀኑም አለበት። ሰኞ ይዞት ወደ ተከራዮች ማኅበር ይሄዳል።