የገዛችሁት አሮጌ መኪና ሞተሩ ቢወድቅ፦ መብት የሚያሳጡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከጣና ዳር እስከ ዓባይ ማዶ ሲመላለስ የከረመ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ሕመሙን አያሳይም። ገዢው ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ፣ ከደጀን ወርዶ የጎሐ ጽዮንን አቀበት ሲጀምር ግን ውሃው ይፈላል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ያገለገለ ዕቃ ነው፣ ማንን እጠይቃለሁ?» ብሎ ይተወዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሕጉ ከጎኑ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። መብቱን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ገዢው ራሱ ነው።

ሞተሩን ቸኩሎ ማስፈታት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ካልወረደ አይታወቅም» ይላል። ገዢው «ፍታው» ይለዋል። ከሰዓት ላይ ቴስታታው ወርዷል፣ የተቃጠለው ጋስኬት (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተጥሏል። ሻጩ ነገ «እኔ ስሰጥህ ደህና ነበር፤ ያበላሸው መካኒክህ ነው» ቢል ምን ይመለስለታል?

ከመፈታቱ በፊት ሻጩ መጥቶ እንዲያይ በጽሑፍ ጥሩት። ካልመጣ፣ ከሁለታችሁም ጋር ንክኪ የሌለው መካኒክ ምስክሮች ባሉበት ይፍታው። የኪሎሜትሩን ንባብ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡና ውስጡን እዩ፤ እንደ ወተት የነጣ ዝቃጭ ከያዘ ውሃ ከዘይት ጋር ሳይቀላቀል አልቀረም። ቴስታታው ላይ አስቀድሞ የተበየደ ወይም በማጣበቂያ የተደፈነ ስንጥቅ ከተገኘማ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ብልሽቱ ከእናንተ በፊት እንደነበረ፣ ምናልባትም ሻጩ እያወቀ እንደሸጠ ያመለክታል። የወጣው ዕቃ ሁሉ በጆንያ ይቀመጥ። መካኒኩም ያየውን ጽፎ ይፈርምበት።

በስልክ ተጨቃጭቆ መተው

ሕጉ ጉድለቱን እንዳወቃችሁ ሳትዘገዩ፣ ምን እንደሆነ ገልጻችሁ ለሻጩ አስታውቁ ይላል። በስልክ መካሰስ ይህንን ለማስረዳት አይበቃም። አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ መቀበሉን አስፈርሙት፣ አለዚያ በሪኮማንዴ (በአደራ) ፖስታ ላኩት። ካስታወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ክስ የምትመሠርቱበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በሽማግሌ መጨረስ የተሻለ ነው፣ እኔም እመርጠዋለሁ፤ ደብዳቤው ግን ከሽማግሌው ይቅደም።

«ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚለውን ሳያነቡ መፈረም

ይህ ሐረግ ውል ላይ በብዛት ይገባል። የሻጩን ዋስትና ሊያጠብበው ይችላል፤ ነገር ግን ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀን ሻጭ አያድነውም። ሻጩ በቃል «ሞተሩ አልተነካም፣ ዘይት አይበላም» ካለ ያንኑ ውሉ ላይ አስገቡ። በተጻፈና በተፈረመ ውል ላይ በምስክር መከራከር ከባድ ነው።

ሳይፈትሹ መግዛት

የምታውቁት ወይም በትንሽ ጥንቃቄ ልታዩት የምትችሉት ጉድለት ኋላ ላይ ላያስጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ፤ ቀድሞ አሙቆ የሚጠብቃችሁን ሻጭ ተጠራጠሩ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው። ቀጥሎ እዚያው ባሕር ዳር ያለውን የቤዛዊትን አቀበት ውጡበት፣ የሙቀቱን ጌጅ እያያችሁ። ቦሎ አለው ማለት ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

በር መሳሳት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ምትክ ወይም ገንዘብ ለመጠየቅ ያስችላል። ይህ ግን የሚሠራው ከነጋዴ ለራሳችሁ ወይም ለቤተሰባችሁ ከገዛችሁ ነው። ከጎረቤት ወይም ከሥራ ባልደረባ የገዛ ሰው የሚሄደው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ደላላውን ማሳደድ ደግሞ ጊዜ ይበላል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሉ ላይ ሻጭ ሆኖ የፈረመው ሰው ነው። ስሙ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

ጋራዡን ያለ ደረሰኝ መክፈል

ያው አዋጅ ጋራዥንም ይመለከታል። ሥራው ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ እንዲደገም ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ከሻጩ ካሣ ስትጠይቁም ወጪያችሁን የሚያስረዳላችሁ ደረሰኙ ነው። ሌላ ሙሉ ሞተር ካስገባችሁ የተገዛበትን ሰነድ ይዛችሁ አዲሱን የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ አስመዝግቡ፤ አለዚያ ለዓመታዊ ምርመራ ወይም ለሽያጭ ስትቀርቡ ቁጥሩ አይገጥምም።