ጀርመን፦ ቀጠሮ ሳላገኝ የመኖሪያ ፈቃዴን ያተረፍኩበት መንገድ

ፈቃዴ ሊያበቃ 19 ቀን ቀርቶታል። የውጭ ዜጎች ቢሮው የቀጠሮ ገጽ ግን ሁሌ አንድ ነው፤ «ክፍት ቀን የለም»።

እኩለ ሌሊት ላይ ሞከርኩ፤ ንጋት ላይም። ስልኩ ሙዚቃ ሲያሰማኝ ይቆይና ይቋረጣል። በአካል ስሄድ ጥበቃው «በኦንላይን» ብሎ ከበር መለሰኝ። ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ባከነ።

በመጨረሻ የሠራልኝ ደብዳቤ ነው። ፈቃዱ ሳያበቃ በጽሑፍ ካመለከቱ፣ በመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 81 ንዑስ 4 መሠረት ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ነባሩ ፈቃድ እንደጸና ይቆጠራል። ቀጠሮ አለመገኘቱ ያን አያስቀርም።

ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ «ፈቃዴ እንዲታደስ አመለክታለሁ፤ እስከዚያው ፊክጺዮንስበሻይኒጉንግ ይሰጠኝ»። ይህ ነባሩ ፈቃድ እንደጸና የሚያረጋግጥ ጊዜያዊ ወረቀት ነው። የፓስፖርት፣ የፈቃድ ካርድ፣ የሥራ ውል፣ የደሞዝ ወረቀትና የጤና መድን ኮፒ አያይዤ በአይንሽራይበን፣ ማለትም በአደራ ደብዳቤ ላክሁ። ያንኑ በፒዲኤፍ በኢሜይልም ደገምኩት። የፖስታ ቤቱን ቁራጭ ደረሰኝ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅኳት።

በ11ኛው ቀን ጠሩኝ። 13 ዩሮ ከፍዬ ወረቀቱን ተቀበልኩ። እዚያው ቆማችሁ ውስጡን እዩት፤ ምልክቱ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ከሆነ ሥራ መቀጠልም፣ ከአገር ወጥቶ መመለስም ይቻላል። ካርዱ ራሱ ገና አልመጣም።