ላይቲፒዲ ለፒኤችፒ ገጽ ብቻ 503 ሲመልስ

በላይቲፒዲ (lighttpd) ዌብ ሰርቨር ላይ ተራ ፋይሎች በደንብ ይከፈታሉ፤ የፒኤችፒ (PHP) ገጽ ሲጠየቅ ግን 503፣ ማለትም «አገልግሎቱ አይገኝም» የሚል ስህተት ይመጣል። ሎጉ ላይ ወደ ሶኬቱ (ዌብ ሰርቨሩና ፒኤችፒ ወደሚገናኙበት ፋይል) ለመገናኘት ፈቃድ እንደተከለከለ ይታያል። ጥፋቱ ያለው የፒኤችፒን ፕሮሰስ ባስነሳው የስፖን-ኤፍሲጂአይ (spawn-fcgi) ትእዛዝ ላይ ነው፦ ተጠቃሚ ሳይጠቀስ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው የሲስተሙ ተጠቃሚ) ስለተነሳ የሶኬቱ ፋይል የሩት ሆኗል። ፒኤችፒም በሩት ሥልጣን እየሮጠ ነበር፤ ይሄ ከ503ቱ የከፋ ነው።

መጀመሪያ አሮጌዎቹን የፒኤችፒ ፕሮሰሶች ግደሉ፤ አለበለዚያ አዲሱ ትእዛዝ ሶኬቱ ተይዟል ብሎ ይቆማል። ከዚያ በትእዛዙ ላይ በትንሹ ዩ (-u) እና በትንሹ ጂ (-g) የዌብ ሰርቨሩን ተጠቃሚና ግሩፕ፣ በትልቁ ኤም (-M) ደግሞ 0600 (ሶኬቱን ባለቤቱ ብቻ እንዲያነብና እንዲጽፍበት የሚፈቅድ) ስጡት። ትልቁ ዩ (-U) የሶኬቱን ባለቤት ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ፕሮሰሱ ሩት ሆኖ ይቀራል፣ እንዳትሳሳቱ። አሁንም ካልተነሳ ትንሹን ኤን (-n) ጨምሩ፤ ወደ ጀርባ ሳይሄድ ስህተቱን እዚያው ተርሚናሉ ላይ ያሳያችኋል።